የቆምህበትን ድንጋይ ጻፍ
ፎቶ ለሚያነሣ ለአንድ የባሌ ልጅ

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ከሮቤ ድረስ መጥተህ በስልክህ ያሳየኸኝ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ሰነበተ። ጎባ ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር ያለው፣ በሩ ከተቀረቀረ ዓመታት ያስቆጠረው ያ አሮጌ አልቤርጎ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። «ጋሼ፣ ሊያፈርሱት ነው። ከመፍረሱ በፊትም ከፈረሰ በኋላም ላነሣው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?» አልኸኝ። እኔም «ጎሽ፣ በርታ!» ብዬ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። «በርታ» ግን ምርቃት እንጂ ምክር አይደለም። ምክሩን ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍሁልህ።

እንደምታውቀው ዕድሜዬን የፈጀሁት በፎቶ ቤት ነው። ለመታወቂያ ጉርድ፣ ለሠርግ ሙሉ ቁመት፣ ለዒድና ለጥምቀት የቤተሰብ ፎቶ አንሥቻለሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጋቲቭ ሳጥብ ጣቶቼ በመድኃኒት ጠቁረዋል። ይህን የምልህ ልመካብህ አይደለም። የምመክርህ ከሠራሁት ሳይሆን ሳልሠራው ከቀረሁት ነገር ስለሆነ ነው።

አንተ ካነሣኸው ቤት ብዙም ሳይርቅ ሌላ አልቤርጎ ነበር። ስሙን አልጠራውም። ፊቱ በኖራ የተለቀለቀ፣ በረንዳው ሥር ጽጌረዳ የተተከለበት ቤት ነበር። ሙሽሮች ሁሉ እዚያ በረንዳ ላይ መነሣት ይወዱ ስለነበር ስንት ጊዜ ካሜራዬን እንደደገንሁበት ቁጥሩን አላውቀውም። ቤቱ ፈረሰ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የባለቤቲቱ ልጅ ከውጭ አገር መጥታ ሱቄ ገባች። «ጋሼ፣ የእናቴ ወጥ ቤት ፎቶ ይኖርዎታል? እኔ ያደግሁት እዚያ ነው» አለችኝ። ሣጥኔን ገለበጥሁት። ሙሽራ አገኘሁ፣ ሚዜ አገኘሁ፣ ጽጌረዳ አገኘሁ። ጭስ ያጠቆረው ወጥ ቤት፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የአልጋ በሮች፣ ጓሮው፣ የውኃ በርሜሉ አንዱም የለም። ካገኘኋቸውም መካከል ከጀርባቸው ቀን የተጻፈባቸው ጥቂት ነበሩ። ልጅቷ አመስግናኝ ባዶ እጇን ወጣች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት የዚያን ቀን በእኔ ላይ ደረሰ። ያን በረንዳ መቶ ጊዜ አንሥቼ ቤቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝ። አንተ ልትሠራው የተነሣኸው ምስክርነት ነው። ምስክር ዳኛ ፊት ሲቆም «ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቃሉ የሚመዘነው ግን «የት ቆመህ አየህ? መቼ? ከምን ያህል ርቀት?» ሲባል በሚሰጠው መልስ ነው። መልሱን ካጣ ያየውን ሁሉ ቢዘረዝር ማን ይሰማዋል? ፎቶህም ከእነዚህ ጥያቄዎች አያመልጥም። ቀጥሎ የምነግርህ ሁሉ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ከማንሣትህ በፊት የቤቱን ነገር እወቅ። «አሮጌ ሆቴል» ብለህ አትለፈው። ባሌ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት የሆነው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ዋና ከተማውም ጎባ ነበር። ዋና ከተማ ማለት ባለጉዳይ ማለት ነው። ከጊኒር፣ ከዶሎ መና፣ ከጎሮ ለፍርድ ቤትና ለግብር የመጣ ሰው በዚያው ቀን አይመለስም። ማደሪያ ይፈልጋል። ከጣሊያን ቋንቋ የወረስነውን «አልቤርጎ» የሚለውን ቃል በቆርቆሮ ላይ አስጽፎ የሚያሳድረው ሰው ያን ጊዜ በረከተ። በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ደግሞ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ ተጨመረ። የከበረው እንግዳ በኋላ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ሲያርፍ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ባለ ስድስት ክፍሉ አልቤርጎ ውስጥ ያድሩ ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። አሮጌ ቤት ስታነሣ ይህን አዋጅ አትርሳ። በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት በር ካየህ፣ መሀሉ ላይ በጭቃ የተደፈነ መተላለፊያ ካገኘህ፣ አንድ ቤት ለሁለት ባለቤት የተከፈለበት ዘመን ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጠይቅ። ኋላም ባሌ ዞን ሆኖ መቀመጫው ሮቤ ሲሆን ባለጉዳዩ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ወረደ። የጎባ አልቤርጎዎች እንግዳቸውን ያጡት እንዲህ ነው። ሮቤ ግን በአዝመራ ወቅት እስከ ዛሬ በስንዴ ነጋዴና በኮምባይነር ኦፕሬተር አልጋው ይሞላል። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጋናና ቦና በሚባሉት ወቅቶች የሚያመርት አገር ስለሆነ ባለ አልጋውም ሁለት ጊዜ ያጭዳል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ካወቅህ በኋላ ያን የተቀረቀረ በር ስታየው ሌላ በር ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መቆሚያህን ምረጥና አትልቀቀው። ስለዚህ ነገር አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ፎቶ አንሺዎች አስከትሎ ነበር። ያነሡት ለጦርነቱ ብለው ነው። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ግን የቤልጂጉ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ትግራይ ተራሮች ላይ ወጡ። ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያዩ ያገኙት ብዙዎች ያልጠበቁትን ነው፤ በብዙ ቦታ ዛሬ ያለው ዛፍ ያን ጊዜ ከነበረው ይበልጣል፣ መሬቱም በተሻለ ተጠብቋል። «ድሮ ሁሉ ደን ነበር» የሚለውን ወሬያችንን ሁለት ፎቶ አስተካከለው። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ቦታው በትክክል ስለተገኘ ነው። መቶ ሜትር ቢስቱ ኖሮ ንጽጽሩ ዋጋ ባልነበረው።

ቦታውን እንዴት አገኙት? ቅርብ ያለ ነገር ከሩቅ ነገር ጋር የሚጋጠምበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። አንተም እንዲሁ አድርግ። የአልቤርጎው የጣሪያ ጫፍ ከበስተጀርባው ካለው ሸንተረር የትኛው ጎድጓዳ ጋር እንደሚገጥም አስተውል። ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው ተራራ ለጎባ ልጅ የተሰጠ ማስመሪያ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ቤቱ ሲፈርስ ጣሪያው የለም። ስለዚህ የማይፈርስ የቅርብ ምልክት ጨምር፤ የቦይ ድንጋይ፣ የመንገድ ድልድይ ጫፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አጥር። በመብራት ምሰሶ አትመን። መንገድ ሲሰፋ ቀድሞ የሚነቀለው ምሰሶ ነው። ከዚያ ድንጋይ እስከ እግርህ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠርና ጻፍ። ካሜራውን በዓይንህ ቁመት ይዘኸው ከሆነ እሱንም ጻፍ። ስልክ ከሆነ ደግሞ አንዱን ሌንስ ምረጥና በሁለቱም ጊዜ በእሱ አንሣ። ሰፊ በሚያሳየው አንድ ጊዜ፣ በሚያቀርበው ሌላ ጊዜ ካነሣህ ተራራው ራሱ የተንቀሳቀሰ ይመስላል። ሁለተኛውን ልታነሣ ስትሄድ የመጀመሪያውን በወረቀት አሳትመህ በእጅህ ይዘህ ሂድ። ስልክ ላይ እያየህ በስልክ ማንሣት አይመችም።

ቀኑን በሁለት አቆጣጠር ጻፍ። ይህን የምለው ለእኛ አገር ልጅ ብቻ የተዘጋጀ ወጥመድ ስላለ ነው። ስልክህ ፎቶው ውስጥ የሚደብቀው ቀን የፈረንጅ ነው። አንተ በኅዳር 5 ቀን 2018 ያነሣኸውን ስልኩ ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ብሎ ይመዘግበዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ያልኸውን እሱ 8 ከሩብ ይለዋል። የልጅ ልጅህ ይህን ሲያገኝ የትኛውን አምኖ ይቁጠር? ሰባት ስምንት ዓመት ያህል የሚያሳስት ስሕተት በዚህ ይገባል፤ ጠዋቱም ከሰዓት በኋላ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዝ። «ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ጠዋት 2፡15፣ ጎባ፣ ከቦዩ ድንጋይ 12 እርምጃ ወደ ምዕራብ» ብለህ ጻፍ። አንድ መስመር ነው። ያን አንድ መስመር እኔ በአብዛኞቹ ፎቶዎቼ ላይ አልጻፍሁም።

ብርሃንን በሚመለከት ብዙ አልልህም፤ የደጋ ልጅ ነህ፣ ታውቀዋለህ። በበጋ ጠዋቱ ጥርት ይላል፤ ውርጩ ሲቀልጥ ቆርቆሮው ይተናል። ከሰዓት በኋላ ደመናና ጉም ይመጣብሃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ግድግዳው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የጭቃው ስንጥቅ አይታይም። ጠዋት አንሣ። ሁለተኛውንም በዚያው ሰዓት፣ ከተቻለም በዚያው ወር አንሣ። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምን ታነሣለህ? ፊቱን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ጀርባውን። በአራቱም ማዕዘን ዙር። ጓሮውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ የዘበኛውን ጎጆ። በየበሩ ላይ በቀለም የተጻፈውን የአልጋ ቁጥር። ታፔላውን፤ በተለይ ፊደሉ በእጅ የተጻፈበትን ታፔላ፣ ሙያው እየጠፋ ነውና። ጭቃው የተላጠበትን ቦታ ቀረብ ብለህ፤ ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ጽድ? ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ? ኮርኒሱ እንጨት ነው ወይስ የተወጠረ አቡጀዲ? ግቢው ውስጥ ኮሶ ዛፍ ካለ እሱንም አንሣ፤ ቤት ሲፈርስ ዛፍ አብሮ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። እያንዳንዱን ነገር ስታነሣ አንድ ጊዜ ከሩቅ፣ አንድ ጊዜ ከቅርብ አድርገው። የቅርቡ ብቻ ከሆነ የየትኛው ክፍል እንደሆነ አይታወቅም።

የእንግዳ መዝገብ ካገኘህ ቆም በል። ሽፋኑን አንሣ። ውስጡ ግን የሰው ስም፣ ከየት መጣ፣ ከማን ጋር አደረ የሚል አለበት። አልቤርጎ ያየውን አይናገርም፤ አንተም አታናግረው። አንድ ገጽ ስንት ትዳር እንደሚያናጋ ባለ አልጋዎች ያውቃሉ። መዝገቡን ለባለቤቱ ቤተሰብ ስጥ።

ሰውን ደግሞ ከቤቱ አታሳንሰው። ቤቱ ባዶ ነው አትበል፤ ባዶ ቤት እንኳ የሚጠብቀው ሰው አለው። ዘበኛውን ሰላም ሳትል በር አትክፈት። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» ብለህ ጀምር፤ ያ ሰላምታ ከማንኛውም የፈቃድ ደብዳቤ ይልቅ ብዙ በር ይከፍትልሃል። ደብዳቤውንም ግን ያዝ፤ ከቀበሌው አስፈቅድ፤ መንገድ ላይ የሚቆም ካሜራ ጥያቄ ያስነሣልና በትሕትና አስረዳ። ባለቤቶቹ ካሉ ቁጭ በልና አስቀድመህ አዳምጣቸው። ካሳ ተገምቶ፣ ምትክ ቦታ ተቆርጦ የሚሄድ ሰው አለ፤ ገና ጉዳዩን ይዞ ቢሮ የሚመላለስም አለ። እንባ ካየህ ካሜራህን ዝቅ አድርግ። የሰው ቤት የሚፈርስበት ቀን የአንተ የተዋጣለት ፎቶ ቀን መሆን የለበትም። ደግሞም ፎቶህ ለዚያ ሰው ሊያገለግለው እንደሚችል አስብ፤ ስንት ክፍል እንደነበረ፣ ግድግዳው የብሎኬት ይሁን የጭቃ ለመናገር ቀን ያለበት ፎቶ ይረዳል። ቢጠይቁህ አትንፈጋቸው፤ አታስከፍላቸው።

በሚፈርስበት ቀን ሩቅ ቁም። ስካቫተር ግድግዳ ሲገፋ ሚስማር ያለበት እንጨት ይፈናጠራል። የመብራት ገመዱ መቆረጡን ሳታረጋግጥ ግቢ አትግባ። ያን ቀን የማፍረሻ መኪናውን ብቻ አታሳድድ፤ ዕቃው የት እንደሚሄድ ተመልከት። ቆርቆሮው ይነቀላል፣ በሩና መስኮቱ ይፈታል፣ የጽድ ወራጁ በጋሪ ይጫናል። አዲስ አበባ ቢሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ገበሬ ገዝቶ ከብት ማደሪያ ይሠራበታል። 4 ቁጥር የተጻፈበትን በር አንድ ቀን ዲንሾ መንገድ ላይ የበግ ጋጣ ሆኖ ብታገኘው፣ እሱም ከፈረሰ በኋላ የሚባለው ፎቶ አካል ነው። አሮጌ ቤት ተበታትኖ ሌላ ቦታ ይቀጥላል፤ ይህን የሚያሳይ ፎቶ እምብዛም አላየሁም።

አሁን ወደ ተውሁት ነገር ልመለስ። ሁለቱን ፎቶ በአንድ ሰዓትና በአንድ ወቅት አንሣ ያልሁህ ሐሰተኛ ምስክር እንዳትሆን ብዬ ነው። የመጀመሪያውን በጥቅምት ፀሐይ፣ ከአደይ አበባ ጋር፤ ሁለተኛውን በክረምት ጭቃ፣ ውሻ በሚንጎራደድበት ሰዓት ብታነሣው ዓይን «ገነት ፈረሰች» ይላል። ተቃራኒውን ብታደርግ ደግሞ «ቆሻሻ ተጠረገ» ይላል። ሁለቱም በብርሃን የተሠራ ውሸት ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ በወጣትነቴ አንተ ልታነሣው ባሰብኸው በዚያ አልቤርጎ አድሬያለሁ። ቁንጫው ሌሊቱን ሲያስለቅሰኝ ነበር። ሽንት ቤቱ ለስድስት ክፍል አንድ ነበር። ውኃ በባሊ ይቀዳ ነበር። ጠዋት ግን ባለቤቲቱ በምድጃ ላይ የምታፈላው ሻይና የምትጠይቀው «እንዴት አደርህ?» እስካሁን ይሞቀኛል። ሁለቱንም ጻፍ። ድሮን አታስውብ፤ አዲሱንም አትሳደብ። መንገድ ሲሰፋና መብራት ሲተከል ደስ የሚለው ሰው አለ፤ ይልቁንም ሳነቴን ከ4,000 ሜትር በላይ ተሻግሮ ከዶሎ መና ቡና ጭኖ ለሚመጣው ሾፌር ሰፊ መንገድ ቀልድ አይደለም። አንተ የማንም ጠበቃ አይደለህም።

ሊፈርስ ያለን ቤት ስለ ማንሣት ከተማዎቻችንም ሊማሩ የሚገባቸው ነገር አለ። በፈረንጆቹ 1860ዎቹ የፓሪስ ከተማ አሮጌ ሰፈሮችን አፍርሳ ሰፋፊ ጎዳና ስትሠራ፣ ከተማዋ ራሷ ሻርል ማርቪል የተባለ ፎቶ አንሺ ቀጥራ ሊፈርሱ ያሉትን መንገዶች አስነሥታለች። ያፈረሰው እጅና ያስነሣው እጅ አንድ ነበር። ዛሬ ሰው የድሮዋን ፓሪስ የሚያውቃት በአብዛኛው በእሱ ፎቶዎች ነው። እኛ ዘንድ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የአዲስ አበባዋ ፒያሳ ስትፈርስ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ሮጦ ሲያነሣ አይተናል። ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ብዙው ፎቶ ቀን የለው፣ ቦታ የለው፣ በየገጹ ተበትኖ ቀረ። ከዚያ የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ደግሞ የአንድ ትንሽ ከተማ አልቤርጎ ማንም ሮጦ የማያነሣው ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል አገር ደነገጠ፤ ስም ያለው ቤት ነዋ! ስም የሌለውን የሚያስታውሰው የሰፈሩ ልጅ ብቻ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ተራራው ተመዘገበ። ተራራውን ሊያዩ የመጡ ሰዎችን ያሳደሩ ቤቶች ግን መዝገብ የላቸውም። መዝገባቸው አንተ ነህ። ከቻልህ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዎች «ቀይ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ቤት አራት ፎቶ ይነሣ» ብለህ ጠይቃቸው። ቀለሙን የሚቀባው ሰው ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፤ ወጪው የአምስት ደቂቃ ነው።

ካነሣህ በኋላስ? የዛሬ ልጆች እዚህ ላይ ነው የምትሸነፉት። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ትለውጠዋለህ። የእኔ ነጋቲቭ በጎባ እርጥበት ሻጋታ ቢይዘውም ግማሹ ዛሬም አለ፤ የአንተ የቀድሞ ስልኮች ግን የት አሉ? ስለዚህ ፎቶውን በሌላ ሁለት ቦታ ገልብጥ። ከሁሉ በላይ በወረቀት አሳትም። ከጀርባው በእርሳስ ጻፍ፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን አልፎ ያበላሻል። አዲስ አበባ ላይ ወጣቶች ከሰው ቤት አልበም የድሮ ፎቶ ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ያ መጽሐፍ የተገኘው እናቶች ፎቶውን በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ስላኖሩት ነው። አንድ ቅጂ ሮቤ ላለው ለመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጥ። ደብተርህንም ፎቶ አንሥተህ አብረህ ስጥ፤ ያለ ደብተሩ ፎቶው ግማሽ ነው።

የመጨረሻው ነገር ትዕግሥት ነው። ከፈረሰ በኋላ ያለው ፎቶ አንድ አይደለም። በፈረሰ ማግስት አቧራ ታገኛለህ። ከወር በኋላ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ታገኛለህ። ከዓመት በኋላ የእግረኛ መንገድ ወይም ባለ መስታወት ሕንፃ፣ አለዚያም ሣር። በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው እርምጃ፣ በዚያው ሰዓት ተመለስ። ሰው ይስቅብሃል፤ «ባዶ ቦታ ምን ያነሣል?» ይሉሃል። ይሳቁ። አሥር ዓመት የሚመላለስ ሰው ከተማ እንዴት እንደሚያረጅና እንደሚወለድ ያያል፤ አንድ ቀን የሚያነሣ ሰው ግን የሚያየው መፍረስን ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቀይ ቀለሙ ከተቀባ ብዙ ጊዜ አይሰጡህም። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን በጠዋቱ ና፤ ደብተርና እርሳስ ይዘህ ና። እኔ ጓሮውን የማውቀው ስለሆነ ወጥ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር አሳይሃለሁ፤ ጉልበቴ ቢያምም እርምጃ እቆጥርልሃለሁ። ፎቶውን ስታሳትም ሦስት ቅጂ አድርግ። አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ሦስተኛውን ለዘበኛው ስጠው፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው የጠበቀው እሱ ነውና ከጀርባው ስሙን ጻፍለት።